ሦስተኛው ሳንቃ

1985፣ አምስተኛ ወር፣ 6 ቀን። ፒንግያዎ። ከጠዋት ጀምሮ ቢጫ አቧራ የተሸከመ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። የቅብ ዎርክሾፑ ውስጥ ያለነው መምህር ቺያዎ፣ ኃላፊው ፓን፣ የሣህንና የሣጥን ሠዓሊዋ ዣዎዲና እኔ ነን።

ለእህቴ ለሊንግዲ፣

እንዴት ከረምሽ? ባዎሱዎ እንዴት ሆነልሽ? ልጅሽስ የዳቶንግን ብርድ ለመደችው? እኛ ደህና ነን። ከሄድሽ ወር ሊሆንሽ ነው፤ እስካሁን ስላልጻፍኩልሽ ይቅር በዪኝ። ፊደል የቆጠርኩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ጋዜጣው ላይ ያልነበረ ቃል ሲያጋጥመኝ ብዕሬ ይቆማል።

ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፦ አዎ፣ እየሠራሁበት ነው። የቆረጥሽልኝን ጉንጉን ለሁለት ከፍዬ ቋጠርኩት። በሰሊጥ ዘይት ነክሬ፣ የጡብ ዱቄት አስነክቼ ስወለውልበት እንደ አንቺ ጸጉር የተመቸኝ የለም። ዣዎዲ አይታው፣ "ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ እሷ ጸጉሯን ለሳንቃ ትሸልማለች!" አለች። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ገርሞኛል። እስከ ወገብሽ ያሳደግሽውን ጸጉር፣ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ባቡር ሊያመልጥሽ ሲል መቀስ ፈልገሽ ቆረጥሽው።

ታጣፊው መከለያ እንዳየሽው ነው። አራቱም ሳንቃዎች በተርታ ቆመዋል። መምህር ሥዕል አይነካውም እንዳሉ ናቸው። ትናንት ፓን መጥቶ ዞረው ዞረውና፣ "አባባ፣ ታይዩዋን ድረስ ጥቁር እንጨት ጭነን ልንሄድ ነው? ኤግዚቢሽን እኮ ነው! አንዲት ወፍ እንኳ ጣል ቢያደርጉበት ምን አለ?" አላቸው። "ወፍ ያማረው ቀና ብሎ ሰማይ ይይ" አሉት። ዓይናቸው ከክንድ ርቀት አያልፍም አሁን። ከዚህ በኋላ ሌላ ሥራ እንደማይጀምሩ ራሳቸው ነግረውኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሦስተኛውን ሳንቃ እኔ በመዳፌ ወልውዬ እንድጨርሰው ሰጡኝ። ከጀርባውም ስሜን እንድጽፍ። የቀቢው ስም አይጻፍም፤ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ በመዳፉ ያለሰለሰው ሰው ስም ነውና የእኔ ከመምህር ስም በታች ሊቀመጥ ነው። ዣዎዲ ስትሰማ፣ "ጠራጊዋ ፈራሚ ሆነች! በሚቀጥለው መጥረጊያው ራሱ ይፈርማል" ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወለል እየጠረግኩ፣ የተጣለ ስባሪ ሳንቃ በሻሽ ጠቅልዬ ቤቴ እየወሰድኩ ስወለውል የኖርኩት ለዚህ ኖሯል።

ቀይ ቴምር ልኬልሻለሁ። ከቴምሩ ስር ትንሽ ወረቀት አለች። ደብዳቤውን ለባዎሱዎ ስታነቢለት እሷን አታንብቢለት።

ሩንሺያን


ዳቶንግ፣ አምስተኛ ወር፣ 11 ቀን

እትዬ ሩንሺያን፣

ቴምሩ ደረሰ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ተበልቷል መሰለኝ፣ ግማሹን ደግሞ ልጄ ጨረሰችው። በእርሳስ ስለጻፍኩ ይቅርታ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ብዕር የያዘ ሰው ሐኪሙ ብቻ ነው፣ እሱም ለማንም አያውስም።

ባዎሱዎ ደህና ነው። ይበላል። ትናንት የአጃ ኑድል በብዙ ኮምጣጤ አምጪልኝ ብሎ አዘዘኝ። "እዚህ ያለው ኮምጣጤ ውኃ ነው፣ የሀገሬን አምጪ" እያለ ነርሷን ሲያበሳጫት ይውላል። እንዲህ ሲል ደስ ይለኛል። ስለ እግሩ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ወረቀቷን አገኘኋት። መልሱ ሦስት ቀን ነው። የሦስተኛው ሳንቃ አራተኛው ቅብ እርጥቡ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ቆይቷል፤ መዝገቡ ላይ እንዳሰፈርኩት። የክፍሉን ጨርቆች ጠዋትና ማታ አርጥቤአለሁ። ገንዳውን ሞልቻለሁ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የስምሽ ነገር ግን አስለቀሰኝ። ሰዎቹ ምን ነካት ብለው ዞር ዞር አሉ። እትዬ፣ ፊደሎቹን ትልልቅ አድርገሽ ጻፊያቸው። ዣዎዲ ቆማ ታንብባቸው።

ፓን ስለ እኔ የሚለው ነገር አለ? ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጠ ወይ? ካልሰጠ አትጠይቂው። ከሰጠም አትንገሪኝ።

ታናሽሽ ሊንግዲ


ፒንግያዎ፣ አምስተኛ ወር፣ 15 ቀን። ነፋሱ ቆሟል፤ ሰማዩ ግን አሁንም አመድ ነው።

ሊንግዲ፣

ቦታሽን ማንም አልያዘውም። ስምሽ በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ስጠርግ አየሁት።

ከደብዳቤሽ ግርጌ ጽፈሽ የሰረዝሽውን ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሬ አነበብኩት። አይደለም። እጄ አልደነዘዘም፣ ዕድሜዬም አይደለም። ይህን ራሴም ጠርጥሬ ነበር። ስለዚህ አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ሳንቃ እያፈራረቅኩ ሞከርኩ። ሦስቱም በመዳፌ ሥር ይሞቁና እጄን ሳነሣ ወዲያው ይቀዘቅዛሉ፤ ይለቁኛል። ሦስተኛው አይለቅም። ሕፃን ጣትሽን ጨብጦ እንደሚያስቀር፣ በጣም በቀስታ ይይዘኛል። ከላይ ወደ ታች ሃያ ጊዜ ሄድኩበት። መሐል ላይ፣ የሁለት እጅ ስፋት ያህል ቦታ፣ ሁልጊዜ ይይዘኛል።

ዓይን አያየውም። ፓን ፊቱን አይቶበት ጢሙን አስተካክሎ ነው የሄደው። "እንደ መስታወት! ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? መኪናው በ28 ይመጣል፣ ዛሬውኑ ፈርሚበት!" አለኝ። "ገና ነው" አልኩት።

ሥር ያለው ቅብ አልበሰለም፣ ሊንግዲ። ፊቱ ቆዳ ይዞ ውስጡ ወተት ነው። አሁን ምንም አይሆንም። ክረምት መጥቶ አዳራሹ ውስጥ ማሞቂያ ሲለኮስ ግን እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሣል። ሰው ሁሉ እያየው፣ ከመምህር ስም ጋር።

የእኛ የዛፍ ሙጫ ቅብ በእርጥበት እንደሚደርቅ የማያውቅ ሰው እሳት ያነድለታል። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ለዚህ ነው ደግሜ የጠየቅኩሽ። ጥያቄውን እዚህ አልጽፈውም፤ በመጀመሪያዋ ወረቀት ላይ ያለው ነው።

ተቆጥቼ አይደለም። እንዲያው ማወቅ ስላለብኝ ነው።

ሩንሺያን


ዳቶንግ፣ አምስተኛ ወር፣ 19 ቀን

እትዬ፣

የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ ወይስ ፓን? ፓን ከሆነ ራሱ ይጻፍልኝ፤ እሱ ብዕር አያጣም።

አሥራ አንድ ዓመት ቀብቻለሁ። የቅቡ መርዝ ፊቴን አሳብጦት ዓይኔ ተደፍኖ እንኳ ቀብቻለሁ፤ አንቺ ራስሽ በእጅሽ እያጎረስሽኝ። አንድም ሳንቃ ተመልሶብኝ አያውቅም። አንቺ እስከ ዛሬ ስንት ሳንቃ ጨረስሽ? ስባሪ ላይ የተማረ መዳፍ ሙሉ ሳንቃ ሲያገኝ ይደነግጣል፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ስምሽን ጻፊና ሂጂ። ሁላችንም እንረፍ።

ሊንግዲ


ዳቶንግ፣ አምስተኛ ወር፣ 20 ቀን

እትዬ ሩንሺያን፣ እህቴ፣

የትናንቱን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ድረስ ተመልሼ ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ ወጥቷል አሉኝ። ከዚህኛው ቀድሞ ይደርስሻል። ስለ ስባሪው ያልኩትን አንብበሽ ከሆነ፣ ከአፌ የወጣው እንዳንቺ ያለ መዳፍ በዎርክሾፑ እንደሌለ ስለማውቅ ነው። ያንን ሳንቃ ሌላ ሰው ቢይዘው ኖሮ ምንም አያገኝም ነበር። እየጸለይኩ የነበረው ዣዎዲ እንድትይዘው ነበር።

ሦስት ቀን አልነበረም። አንድ ቀን ነው።

ባዎሱዎ ከከሰል ማዕድን ጉድጓድ ተጎትቶ ወጣ የሚለው ቴሌግራም የደረሰኝ በአራተኛው ወር በ9 ነው። ሮጬ ፓን ጋ ሄድኩ። "ሳንቃው ተቀብቶ ሳያልቅ ፈቃድ የለም። ሁሉም ባሏን እያለች ብትሄድ እኔ ምን ልላክ፣ መጥረጊያ?" አለኝ። ሦስተኛው ሳንቃ ገና አራተኛው ቅብ ላይ ነበር። በየቅቡ ሦስት ሦስት ቀን ብጠብቅ ከወሩ አጋማሽ ያልፋል። እርጥቡ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገባሁ። በራሴ እጅ አስገባሁ። ጠዋት ስነካው ደርቆ ነበር። "ደርቋል" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን ቆሜ። እጄ ግን ያውቅ ነበር። አምስተኛውን ቀባሁበት። ከዚያ መዝገቡን ጻፍኩ፤ ከዚያ ጸጉሬን ቆረጥኩልሽ።

ስደርስ ቀኝ እግሩ አልነበረም። ከጉልበቱ በላይ ነው። ግራውንም እንጃ ይላሉ። ይህን ለማንም አልጻፍኩም፤ ሲጻፍ እውነት የሚሆን መስሎኝ።

ፓን ካወቀ ስሜን ይፍቃል። አሁን ሦስታችንም የምንበላው በኔ ደመወዝ ነው። መምህርም ካወቁ፣ ከስሜ መፋቅ ይልቅ የሳቸው ዝምታ ነው የሚገድለኝ። አንቺ ደግሞ ስምሽን ከበላዩ ልታደርጊበት ነው። ምን አድርጊ ልበልሽ? ማድረግ ያለብሽን አታድርጊ ማለት አልቻልኩም። አድርጊውም ማለት አልቻልኩም።

ይህን አቃጥዪው።

ሊንግዲ


ፒንግያዎ፣ አምስተኛ ወር፣ 24 ቀን። ካፊያ አለ። ለቅብ ጥሩ ቀን ነው።

ሊንግዲ፣

አቃጥዬዋለሁ። አመዱንም ውኃ አፍስሼበታለሁ።

የ19 ቀኑን ደብዳቤ ስላነበብኩ አትጨነቂ። ስባሪ ላይ መማሬ እውነት ነው። ስባሪ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቅቡ ሁሉ ተደራርቦ ይታያል፣ የትኛው እንደ በሰለ፣ የትኛው እንዳልበሰለ።

ባዎሱዎን እጁን ያዥልኝ። ሩንሺያን የሀገርህን ኮምጣጤ ትልክልሃለች በዪው፤ በዚህ ባቡር ልኬዋለሁ፣ ጠርሙሱን በጭድ አሽጌዋለሁ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ የጠየቅሽኝን አልመልስልሽም። ካላወቅሽው ማንም ቢጠይቅሽ አላውቅም ማለት ትችያለሽ። ያለሁበትን ግን ልንገርሽ። ሳንቃውን ከመለስኩት ምክንያት ይጠይቁኛል፣ ምክንያቱ ደግሞ ያንቺ ጉሮሮ ነው። ካልመለስኩት መምህር በሕይወታቸው የመጨረሻ ሥራ ይዋረዳሉ፣ እኔም ዐውቄ ፈርሜበታለሁ ማለት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወልውዬ ወልውዬ ቅቡን በላሁት ማለትም ይቻላል። ይህን ያለች ወልዋይ ሁለተኛ ሳንቃ አይሰጣትም። ሌላ መንገድ ስፈልግ ሰነበትኩ። የለም።

ዛሬ መምህር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። "ሩንሺያን፣ ሦስተኛው ለምን ዘገየ?" አሉኝ።

"መዳፌን አልቦኝ ነው አባባ።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደረቅ የነበረ መዳፍ?"

"እርጅና ነው እንግዲህ።"

"እኔ ፊት ስለ እርጅና ታወሪያለሽ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሳንቃው ሲሰዱ ቀድሜ በዘይት የተነከረ ጨርቅ ጣልኩበት። "ዘይት ላይ ነው አባባ፣ እንዳይነካዎት።" እጃቸውን አየር ላይ አቆዩት። ከዚያ መለሱት። እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቻቸው አላውቅም።

ዣዎዲ የስም መጻፊያውን ቀጭን ብሩሽ አጥባ፣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "ፈራሚ እመቤት፣ እንዳይንቀጠቀጥብሽ!" አለችኝ። ስታፌዝ መሰለኝ፤ ብሩሹ ግን የራሷ ነው፣ ለማንም የማታውሰው።

መኪናው ከአራት ቀን በኋላ ይመጣል።

ሩንሺያን


ፒንግያዎ፣ አምስተኛ ወር፣ 29 ቀን

ሊንግዲ፣

ቴሌግራምሽ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሁለት ቃል ነው፦ "አድርጊው እትዬ"። ፖስተኛው በር ላይ ቆሞ ለሰው ሁሉ አነበበው፤ ደግነቱ ማንም አልገባውም። እኔ ገብቶኛል። ግን አንቺ ስትልኪው ነገሩ አልቆ ነበር። የትናንቱን ጠዋት እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ ምንም አልጨመርኩም።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። የዳጉሳ አጥሚት ጠጣሁ። እጄን በኮምጣጤ፣ ከዚያ በሞቀ ውኃ ታጠብኩ። ዎርክሾፑ ስደርስ የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ጎማ እየረገጠ ያጨሳል። ውስጥ ፓን፣ ዣዎዲና መምህር ነበሩ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሳንቃ በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አጠገቡ ቀለምና የዣዎዲ ብሩሽ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ገለበጥኩት። ፊቱን ወደ ላይ አደረግኩት። ጣሪያው ሁሉ ውስጡ ታየ፣ እኔም ታየሁ። ቅብ መፋቂያውን ሻካራ ድንጋይ ከባልዲው አወጣሁና መሐሉ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ ገፋሁ።

ድምፁን ታውቂዋለሽ። ዣዎዲ፣ "ኧረ ሴትዮ! አበድሽ?" ብላ ክንዴን ያዘች። ፓን ከበሩ አጠገብ እየሮጠ መጣ። ግራጫ ውኃ በጠረጴዛው ጠርዝ ወረደ። መምህር ከወንበራቸው አልተነሡም።

"የትኛው ነው?" አሉ።

"ሦስተኛው ነው አባባ።"

"እስከ ምን ድረስ?"

"ከቅቡ ሥር እንጨቱ ላይ እስካለው ጨርቅ።"

"ማነው ያበላሸው?" አለ ፓን። "ማነው የቀባው? መዝገቡን አምጡልኝ!"

"ጥፋቱ የመዳፌ ነው" አልኩት። "አብዝቼ ወለወልኩት፤ ቅቡን በላሁት።"

"ጠራጊ እንዲፈርም ስትፈቅዱ ነግሬአችሁ ነበር!" አለ። ዣዎዲን አየኋት። አልሳቀችም።

መምህር ያኔ ተነሡ። ጠረጴዛውን እየዳበሱ መጡና ገና ያልፈጨሁት ዳር ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ወደ መሐል፣ ድንጋዩ እስከ ደረሰበት ጠርዝ ገፉት። ቆሙ። መልሰው ገፉት። ብዙ ቆዩበት፤ እኔም ድንጋዬን አላነሣሁም፣ አልገፋሁም። እጃቸውን ሲያነሡ ሳንቃው ለጥቂት ያዛቸው። አየሁት።

"ይህን የበላው መዳፍ አይደለም" አሉ። "ይህ የቸኮለ ሳንቃ ነው። ፓን፣ መዝገቡን አንተው ያዘው። አራተኛው ቅብ የተቀባበትን ቀን ፈልግና ያን ቀን ማን ማንን እንዳስቸኮለ አስታውስ።"

ፓን መዝገቡን ገለጠ። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያወረደ ሄደ። ፈቃድ የከለከለሽ ቀን ላይ ቆመ። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ እዚያው ቆመ። ከዚያ ዘጋው። ስምሽ ዛሬ ጠዋት ዝርዝሩ ላይ ነበር።

መኪናው የዣዎዲን ሣህኖችና ሣጥኖች ጭኖ ሄደ። ሦስቱን ሳንቃዎች መምህር አስፈትተው አስመለሱ። "ሲያልቅ ይሄዳል" አሉ። ሹፌሩ፣ "ኤግዚቢሽኑ እኮ አንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ አባቴ" አላቸው። "እንግዲያው ኤግዚቢሽኑ ይቅርበት" አሉት። ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው ያሉት። የሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ በዓይናቸው ብርሃን የሚባል ነገር አይኖርም።

ዣዎዲ ብሩሿን ወሰደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ተመልሳ መጥታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ፓን መጥረጊያውን አንሥቶ አቀበለኝ። ተቀበልኩት። መምህር ሁለተኛውን ድንጋይ ይዘው ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው፣ "ውኃ አብዢበት፣ በደረቅ ትፈጪዋለሽ እንዴ?" እያሉ ነበር። አብረን እስከ ጨርቁ አወረድነው።

ከዚያ ወለሉን ጠረግኩ፤ አቧራ ባለበት መቅባት አይቻልም። እርጥቡ ክፍል ገባሁ። ጥግ ላይ ከምድጃሽ የቀረ የከሰል ጥቁረት ነበር፣ በጨርቅ አጠብኩት። ገንዳውን ሞላሁ። ስድስቱንም ጨርቆች ነክሬ፣ ጨምቄ ሰቀልኩ። የጸጉርሽን ቋጠሮ ከዘይቱ አጽድቼ በመስኮቱ በኩል አንጠለጠልኩት። ሳንቃውን መምህርና እኔ ተሸክመን አስገባነው። "ቀቢዋ እስክትመለስ ማንም እንዳይነካው" አሉ። ስም አልጠሩም።

በሩን ዘጋሁት። እሳት አልለኮስኩም።

ሩንሺያን